የሮኬት ሞተር የሚያትመው ማሽን በሆሳዕና ገበያ ስሌት

ሆሳዕና ገንዘብ የላትም የሚል ሰው ካለ ከተማዋን ያላየ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የተላከው ገንዘብ ምን እንደሠራ ለማወቅ ጥናት ማገላበጥ አያስፈልግም፤ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙትን ፎቆች ማየት ይበቃል። ወደ ከምባታ ዘልቆ ዱራሜን፣ ሺንሺቾንና አንጋጫን የተመለከተም፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ፣ ያንኑ ነገር ያያል። ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ግን ጠባብ ነው። ፎቅ፣ ሆቴል፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ወፍጮ ቤት፣ ከመርካቶ ሸቀጥ አምጥቶ መቸርቸር፤ ከዚህ የወጣ እምብዛም አይገኝም። አንዱ የሠራውን ሌላው ይደግመዋል፤ ትርፉም በዚያው ልክ እየተሸራረፈ ይሄዳል።

ስለዚህ አዲስ መስክ የሚፈልግ ባለገንዘብ «ብረት የሚያትም ማሽን መጥቷል፤ የጠፋ መለዋወጫ በሙሉ እዚሁ ይወጣል፤ የሮኬት ሞተር እንኳ የሚሠራው በእርሱ ነው» የሚል ወሬ ቢደርሰው ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። ወሬው ሐሰት አይደለም። የሮኬት ሞተር በእርግጥ ይታተማል። ችግሩ ያለው «መለዋወጫ በሙሉ» በምትለው ላይ ነው። የማሽኑ ዋጋ የአንድ ፎቅ ዋጋ ነውና ይህችን ሐረግ ሳይመረምሩ ውል መፈረም የአሥር ዓመት የስደት ላብ ሊያስበላ ይችላል።

ዱቄትና ጨረር

ቶርኖ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የብረት ሥራን ጠባይ ያውቃል። ድፍን ብረት ይታሰራል፤ ይሽከረከራል፤ የማይፈለገው እየተላጠ ይወድቃል። ፍሬዛውም እንዲሁ ነው። አዲሱ ዘዴ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ እየደረበ ይሠራል እንጂ እየቀነሰ አይሠራም።

ዕቃው በመጀመሪያ በኮምፒዩተር ይነደፋል። ፕሮግራሙ ሥዕሉን በቀጫጭኑ ይከትፈዋል። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት ከ20 እስከ 60 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። በማሽኑ ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ ብረት በጠፍጣፋ መደብ ላይ በስሱ ይነጠፋል። የሌዘር ጨረር ከላይ መጥቶ በሥዕሉ መሠረት የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ያቀልጣል። ከዚያ መደቡ በአንድ ንጣፍ ልክ ዝቅ ይላል፤ ዱቄት እንደገና ይነጠፋል፤ ጨረሩ እንደገና ይሄዳል። ይህ በሺሕ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ክፍሉ አየር እንዳይገባበት በአርጎን ጋዝ ይሞላል፤ አለዚያ የቀለጠው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይበላሻል። የቲታኒየምና የአሉሚኒየም ዱቄትማ እሳት አንሥቶ እስከ መፈንዳት ሊደርስ ይችላል። በሌዘር ፈንታ በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራ፣ ወይም እንደ ብየዳ ሽቦ እያቀለጠ የሚደርብ ዓይነትም አለ።

ዘዴው የትናንት አይደለም። ዱቄትን በሌዘር የማያያዝ ሐሳብ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የካርል ዴካርድ ነው። ብረቱን ሙሉ በሙሉ የማቅለጡ ዘዴ ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀርመን፣ አኸን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር የሌዘር ኢንስቲትዩት ዳበረ።

ሻጩ ጎላ አድርጎ የማይናገረው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ከማሽኑ የወጣው ዕቃ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። ዱቄቱ ይራገፋል። ብረቱ ውስጥ የታመቀው ውጥረት እንዲለቅ በምድጃ ይሞቃል። ከመደቡ ተቆርጦ ይነሣል፤ በኅትመቱ ጊዜ የደገፉት እግሮችም ይቆረጣሉ። ለአስጊ ሥራ የሚውል ከሆነ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት እንደገና ይታመቃል። በመጨረሻም ኩሽኔታ የሚቀመጥበትና ብሎን የሚገባበት ቦታ በቶርኖ ወይም በፍሬዛ ይስተካከላል። አዎ፣ በቶርኖ። ብረት የሚያትም ሰው ቶርኖ ቤቱን የሚዘጋ ሳይሆን ከጎኑ የሚፈልግ ሰው ነው።

ሮኬት ለምን ቀደመ?

በሮኬት ሞተር ማቃጠያ ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀት ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ግድግዳው በብዛት የሚሠራበት መዳብ ግን በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል። ታዲያ እንዴት ሳይቀልጥ ይቆያል? ነዳጁ ራሱ ከመቃጠሉ በፊት በግድግዳው ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ቦዮች እየሮጠ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። እነዚህን ቦዮች መሥራት የዘርፉ ራስ ምታት ሆኖ ኖሯል። ሰውን ወደ ጨረቃ የወሰደው የሳተርን 5 ሮኬት ዋና ሞተሮች ግድግዳ የተሠራው በመቶ የሚቆጠሩ ቧንቧዎችን ጎን ለጎን ደርድሮ በማጣበቅ ነበር። በኋላም ቦዩን በፍሬዛ ቆፍሮ በላዩ ሌላ ብረት መለበጥ ተለመደ። ሁሉም ወራት የሚፈጅና እጅ የሚበዛበት ሥራ ነው።

ማተሚያው ለእንዲህ ያለው ችግር የተፈጠረ ይመስላል። ቦዩን ሳያቀልጥ ክፍት አድርጎ ይተወዋል፤ ቦዩ ቢጠማዘዝም ቢቀጥንም ለጨረሩ ያው ነው። ስፔስኤክስ በጥር ወር 2014 እ.ኤ.አ. ባመጠቀው ፋልከን 9 ሮኬት ሞተር ላይ የታተመ የኦክስጅን ቫልቭ አካል ተጠቀመ። ከኒውዚላንድ የተነሣው ሮኬት ላብ ደግሞ ራዘርፎርድ የተባለውን ሞተሩን ዋና ዋና ክፍሎች በኤሌክትሮን ጨረር ያትማል። ከእነዚህ ሞተሮች ዘጠኙን ከታች፣ አንዱን ከላይ የተሸከመው ሮኬቱ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ሳተላይት ምሕዋር ላይ አድርሷል። በሕንድ ቼናይ፣ ከማድራስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጉያ የወጣው አግኒኩል ኮስሞስ የተባለ ወጣት ኩባንያም በግንቦት ወር 2024 እ.ኤ.አ. አንድ ወጥ ሆኖ የታተመ ሞተር ያለው የሙከራ ሮኬት አስወንጭፏል።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ከተሳካላቸው ይልቅ ሐሳቡን ከቀየረው ኩባንያ ይገኛል። ሬላቲቪቲ ስፔስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የነዳጅ ታንከሩንም ጭምር፣ ሮኬቱን እንዳለ አትማለሁ ብሎ ተነሣ። ቴራን 1 የተባለው ሮኬቱ በክብደት 85 በመቶው የታተመ ነበር። በመጋቢት ወር 2023 እ.ኤ.አ. ተወነጨፈ። የታተመው አካል ከፍተኛውን የአየር ጫና ተቋቁሞ አለፈ፤ የሁለተኛው ደረጃ ሞተር በሚገባ ሳይነሣ ቀርቶ ግን ምሕዋር አልደረሰም። ኩባንያው ወዲያው ቴራን 1ን ትቶ ወደ ትልቁ ቴራን አር ተሻገረ። በዚህኛው ሞተሩን ማተሙን ቀጠለ፤ ለታንከሩ ቀጥ ያለ አካል ግን ወደ ተለመደው የአሉሚኒየም ሥራ ተመለሰ።

ምክንያቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ታንከር ሲገላበጥ በርሜል ነው። በርሜል ለመሥራት ላሜራ ጠቅልሎ መበየድ እያለ በስሱ እየደረቡ ማተም ምን ያደርጋል? እንግዲህ ገንዘብ ሞልቶ በተረፈበት በሮኬት መንደር እንኳ ቀላል ቅርፅ ያለው ዕቃ ወደ ላሜራውና ወደ ብየዳው ይመለሳል። ማተሚያው የሚያዋጣው ቅርፁ ሲወሳሰብ፣ ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን፣ እያንዳንዱ የተቀነሰ ግራም ደግሞ ገንዘብ ሲያመጣ ነው።

በየቀኑ ከቦሌ የሚነሣው

ኢትዮጵያ ሮኬት የላትም። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው በቻይና ሮኬት ነው። የታተመ ብረት ግን ከቦሌ በየቀኑ ይነሣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች የሚበሩት ሊፕ በተባለ ሞተር ነው፤ የዚህ ሞተር ነዳጅ መርጫ አፍንጫ ታትሞ የሚወጣ ነው። ቀደም ሲል 20 ያህል ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የሚሠራው አፍንጫ አሁን አንድ ወጥ ሆኗል። አምራቹ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እንደሚለው ክብደቱ በ25 በመቶ ቀንሷል፤ ዕድሜውም አምስት እጥፍ ረዝሟል። በአላባማ፣ ኦበርን ያለው ፋብሪካው በ2021 እ.ኤ.አ. 100,000ኛውን አፍንጫ አስረክቧል። አየር መንገዱ በመጋቢት ወር 2024 እ.ኤ.አ. ባዘዛቸው ቦይንግ 777-9 አውሮፕላኖች ሞተር ላይ ደግሞ የታተሙት ክፍሎች ከ300 በላይ ናቸው።

አንድ መቶ ሺሕ ማለት ጥቂት አይደለምና አንባቢ «ቁጥሩ ጥቂት ሲሆን» ያልነውን ሊጠይቀን ይችላል። ልክ ነው። ቅርፁ እጅግ ሲወሳሰብና የነዳጅ ቁጠባው ሲከብድ ብዛት ያለው ምርትም በማተሚያ ሊያዋጣ ይችላል። የወፍጮ ፑሌጃ ግን አይበርም።

ስሌቱ

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የማንም ሻጭ ዋጋ አይደሉም። አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ መሥራት ይችላል።

አንድ መካከለኛ የብረት ማተሚያ ከነምድጃውና ከነረዳት መሣሪያዎቹ 400,000 ዶላር ወጣበት እንበል። ስምንት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 50,000 ዶላር ነው። በዓመት 4,000 ሰዓት ሥራ ቢያገኝ የእያንዳንዱ ሰዓት ድርሻ 12 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። አንድ ኪሎ ብረት 127 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ማሽኑ በሰዓት 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቢያትም ለአንድ ኪሎ 13 ሰዓት ግድም ይፈጅበታል፤ 160 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ይህ የማሽኑ እርጅና ብቻ ነው። ዱቄቱ፣ አርጎኑ፣ መብራቱ፣ የባለሙያው ደመወዝና የባንኩ ወለድ ገና አልተነኩም። አምስት ኪሎ የሚመዝን ፑሌጃ ለማተም ደግሞ ማሽኑ 63 ሰዓት ተኩል ሳያቋርጥ መሥራት አለበት፤ ወጪው በእርጅና ብቻ ወደ 800 ዶላር ይጠጋል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ 4,000 ሰዓት ሥራ ሆሳዕና ውስጥ የት ይገኛል? የተገኘው 400 ሰዓት ብቻ ቢሆን የሰዓቱ ድርሻ 125 ዶላር ይደርሳል። አንድ ኪሎው 1,600 ዶላር ገደማ፣ ፑሌጃው 8,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። በዚያ ገንዘብ ወፍጮው ራሱ ይገዛል። ቋሚ ወጪው ከባድ የሆነ ማሽን ሥራ ሲያጣ ሥራ የሚያገኘውን ጥቂት ዕቃ ሁሉ ያስወድደዋል። አይሱዙ ጭነት አጥቶ ሲቆም ባለቤቱ የሚያውቀው ኪሳራ ይኸው ነው። ልዩነቱ አይሱዙው ወደ ሌላ ከተማ መሄድ መቻሉ ነው።

የምንዛሪው ነገር ተጨማሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመፈቀዱ በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር በምሳሌአችን ያለው ማሽን 23 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ዶላሩ 100 ብርን ሲያልፍ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ዱቄቱም ሁልጊዜ በዶላር ነው የሚገዛው። በመብራት በኩል ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይቋረጥ መሥራት ያለበት ማሽን ኃይል በሚቆራረጥበት ከተማ ጄኔሬተር ይጠይቃል፤ መሐል ላይ የተቋረጠ ኅትመት ብዙ ጊዜ ቁራሊዮ ነው።

ባለወፍጮው ምን ያድርግ?

የገጠሩ እህል ወደ ገበያ በሚወርድበት ወቅት የተሰበረ ወፍጮ በየቀኑ ገቢ ያሳጣል። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ባለወፍጮው የተሰበረውን ዕቃ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሶማሌ ተራ ድረስ ይዞ ይሄዳል፤ ተመሳሳዩን ካጣ በቶርኖ ያሠራል፤ አልጋ ይከራያል፤ ይመለሳል። የሚያጣው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቀናቱንም ገቢ ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ገበያም አለው። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለሆነች የውኃ ፖምፑም፣ ጄኔሬተሩም፣ መኪናውም መብዛቱ አይቀርም።

እኛ የምናየው መፍትሔ ርካሽ ነው። ፑሌጃና የፖምፕ አካል ድሮም የሚሠሩት ካስት አይረን ወይም አሉሚኒየም ቀልጦ በአሸዋ ሻጋታ ውስጥ ሲፈስ ነው። ለሻጋታው አምሳያ ያስፈልጋል፤ አምሳያውን አናጢ ከእንጨት ይጠርበዋል። ብዙ ጊዜ የሚወስደውና የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕላስቲክ የሚያትመው ትንሹ ስሪዲ ፕሪንተር በጥቂት መቶ ዶላር ይገዛል፤ አምሳያውን በአንድ ሌሊት ያወጣዋል። ማወቅ የሚያስፈልገው ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ የሚኮማተር መሆኑን ነው። ካስት አይረን 1 በመቶ ያህል፣ አሉሚኒየም 1.3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው የካስት አይረን ፑሌጃ አምሳያው 303 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በቶርኖ ለሚላጠው ገጽ ደግሞ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይታከልበታል። ማቅለጫ በአቅራቢያ ከሌለ አምሳያውን አቃቂ የመለዋወጫ ፋብሪካ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቻላል።

ከማሽኑ በፊት የሚያስፈልገው የሚለካና የሚነድፍ ሰው ነው። በዚህ ላይ አንድ የሥራ ምክር እንጣል፤ ያረጀ ዕቃ ብቻ ለክቶ የነደፈ ሰው ያረጀ ዕቃ ይሠራል። የተበላው ቡሽ ስፋቱ ጨምሯል፤ የተበላው ጥርስ ቀጥኗል። ነዳፊው ከዕቃው ጋር የሚገጥመውንም ሻፍት ለክቶ፣ ያልተበላውን ቦታ ፈልጎ፣ የመጀመሪያውን መጠን ማስላት አለበት። ይህን የሚያውቁ ወጣቶች ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና ከሆሳዕና ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሊገኙ ይችላሉ። የጎደለው የሚያሠራቸው ባለካፒታል ነው።

በነገራችን ላይ በሀዲያም በከምባታም ብረት ቀጥቃጩ ማረሻና ቢላዋ እየሠራ ለዘመናት ገበሬውን ሲያገለግል፣ ከእርሱ ጋር ማዕድ ለመቅረብ የሚጸየፈው ብዙ ነበር። ዛሬ ያንኑ ብረት በሌዘር የሚያቀልጠውን «ዶክተር» ብለን ከወንበራችን እንነሣለታለን።

ከጆበርግ የሚመጣ ሌላ ነገር

የሀዲያና የከምባታ ልጆች ሱቅ ከፍተው የሚሠሩባት ደቡብ አፍሪካ በዚህ መስክ ከአህጉሩ የቀደመች ናት። ቲታኒየም የሚወጣበትን ማዕድን በብዛት ከሚያመርቱት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ማዕድኑን ጥሬውን ሸጣ የተሠራውን በውድ ትገዛለች፤ የቡናችን ታሪክ ዘመድ ነው። ይህንን ለመቀየር የአገሪቱ የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ኤሮሱድ ከተባለ ኩባንያ ጋር ሆኖ ኤሮስዊፍት የተባለ ግዙፍ የቲታኒየም ማተሚያ በመንግሥት ድጋፍ ሠርቷል፤ እስከ ሁለት ሜትር የሚረዝም ዕቃ ያትማል። ብሉምፎንቴን ያለው ሴንትራል የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ከቲታኒየም የመንጋጋ አጥንት ያትማል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ኪምበርሊ ሆስፒታል ውስጥ ለሕመምተኞች ተገጥሟል። ልብ በሉ፤ እዚያም ቢሆን ትልቁን ወጪ የተሸከመው መንግሥት እንጂ የግል ነጋዴ አይደለም።

የታተመ ብረት ራሱ ለኛ ነጋዴ አይጠቅምም ማለታችን ግን አይደለም። ማሽኑን ሳይገዙ ዕቃውን ማዘዝ ይቻላል። ሥዕሉ በኮምፒዩተር ይላካል፤ ማተሚያ ያለው የውጭ ድርጅት አትሞ በፖስታ ይልካል። ክብደቱ 200 ግራም የሆነ፣ አምራቹ መሥራት ያቆመው የፖምፕ ተሽከርካሪ ክንፍ ከሆነ፣ እርሱ ጠፍቶ ሙሉ ፖምፑ ከሚጣል ውድ ኅትመት ይሻላል። የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙባቸው የኮባልት ክሮም ጥርሶችም ትንሽ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰሉና ውድ ስለሆኑ ለማተሚያው ተስማሚ ናቸው። ለፕላስቲክ ፋብሪካ ደግሞ የሻጋታው ነገር አለ። እንደ ሮኬቱ ግድግዳ ቀዝቃዛ ውኃ የሚዞርባቸው ጠማማ ቦዮች ያሉት የታተመ ሻጋታ ፕላስቲኩን ቶሎ ያደርቃል፤ በሰዓት የሚወጣው ምርት ይጨምራል። ሻጋታው አንዴ ተገዝቶ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ዕቃ ስለሚያወጣ ወጪውን ይከፍላል።

ለደላላውም በሩ ዝግ አይደለም። ዕቃ አይቶ ይህ በቶርኖ፣ ያ በማቅለጫ፣ ያኛው ከውጭ ታትሞ ይሠራ ብሎ የሚለይና ኮሚሽኑን የሚቀበል ሰው ገና በከተማው አልበዛም። ፍሬንና መሪን የሚነካ ዕቃ ግን ያለ ፍተሻ ወረቀት አይነካ፤ የሚመጣው ክስ ከኮሚሽኑ ይበልጣል።

ማሽኑን ሊሸጥ የመጣ ሰው ካለ ዱቄቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ አርጎኑን የሚሞላው ማን እንደሆነ፣ ሌዘሩ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ የት ከተማ እንደሚቀመጥ፣ በዓመት ስንት ሰዓት ሥራ የሚሰጡ ደንበኞች በስም እንዳሉ ይጠየቅ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

ፕላስቲክ ማተሚያ፣ ካሊበር፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ነዳፊ ይዞ መጀመር የሚፈልግ ግን የወፍጮ ቤቶቹን ፑሌጃ፣ ቡሽና ሻፍት እየዞረ ለክቶ በኮምፒዩተር ማስቀመጥ ይችላል። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ወፍጮው ሥራ የሚያንስበትና ባለቤቱ ማሽኑን ለማስፈታት የማይሰስትበት ክረምቱ ነው። መኸሩ ከገባ በኋላ ማንም ወፍጮውን አቁሞ አያስለካም።